«ታካኪ» ስንት ጊዜ ይነካል?

«ታካኪ መስመር ክብን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይነካል» ተብለን ነው ያደግነው። ለክብ ልክ ነው። ካልኩለስ ላይ ግን ያጣላናል። የኤክስ ኪዩብን ግራፍ እንውሰድ፦ ኤክስ 1 ላይ የሚታከከው መስመር ኤክስ -2 ላይ ግራፉን ዞሮ ያገኘዋል፤ ዜሮ ላይ ያለው ታካኪ ደግሞ እዚያው የታከከበት ቦታ አቋርጦት ያልፋል። «እንግዲያው ታንጀንት አይደለም» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ነው እንጂ!

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የቃሉ አይደለም። እዚህ ሐዋሳ «ሐይቁን ታክኮ የሚሄድ መንገድ» ስንል ስንቴ ነካው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚያ ቦታ ላይ ከዳርቻው ጋር አቅጣጫው አንድ ነው ማለታችን ነው። የታንጀንትም ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ በዚያች ነጥብ ከኩርባው ጋር እኩል ስሎፕ መያዝ።

እንግሊዝኛው «መንካት» ከሚል የላቲን ቃል መጥቶ፣ በተራ ንግግር ከነገሩ ወጥቶ መሄድ ማለት ሆኗል። እሱም መሠረት አለው፤ ከባጃጅ ጎማ የሚፈናጠር ጭቃ ጎማውን የሚለቀው በታካኪው አቅጣጫ ነው። (ሱሪያችን ላይ ሲያርፍ ግን ጂኦሜትሪ ትዝ የሚለው የለም።)

ታዲያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ መምህራኖቻችን ዴሪቬቲቭ ሲጀምሩ ለ«ታክኮ» አምስት ደቂቃ ቢሰጡ ምን አለበት? ሲዳምኛና ወላይትኛ ተናጋሪዎችም የየራሳቸውን ቃል ያምጡ። «አንድ ነጥብ ብቻ» የሚለው ለክብ ምዕራፍ ይቆይ።