ያረጀ አውሮፕላን ሲገዛ ምን ይታያል?

የመሪዎቻችን አውሮፕላን «ክናፍ ጽዮን» አዲስ ሆኖ አልተገዛም። በ2000 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የተሠራ ቦይንግ 767 ሲሆን፣ ለአውስትራሊያው ቃንታስ አየር መንገድ ሲያገለግል ቆይቶ መንግሥት በ2016 ገዛው። የእስራኤል አየር ኢንዱስትሪ አድሶት በ2019 የሙከራ በረራ አደረገ። ከዚያ በወጪው ክርክር ምክንያት ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ እዚሁ በቤርሼባ አጠገብ በነቫቲም ሰፈር ጭምር። በሐምሌ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁን ወደ ዋሽንግተን ወሰደ።

ጋዜጦች ስለ ዋጋው ብዙ ጻፉ። ስለ ደኅንነቱ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ያገለገለ መኪና ስንገዛ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ስንት እጅ አለፈ ብለን እንጠይቃለን። በአውሮፕላን ደግሞ ከዓመቱ ይልቅ የበረራው ብዛት ይበልጣል። በተነሣ ቁጥር ገላው እንደ ፊኛ በአየር ይወጠራል፣ ሲያርፍ ይረግባል፤ ብረቱን የሚያደክመው ይህ ነው። በ1988 በሐዋይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ጣሪያው በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት አስተናጋጅ ሞተች። አውሮፕላኑ 19 ዓመቱ ብቻ ነበር፤ ግን 89,680 ጊዜ በርሯል፣ የባሕሩ ጨውም በልቶታል። የአሮጌ አውሮፕላኖች ምርመራ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

የባለሀብቶች ትንንሽ ጄቶችም እንዲሁ ናቸው። አገራችን እስከ 1987 ዌስትዊንድ የተባለ ጄት ትሠራ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ያለው አሮጌ ጄት በርካሽ ይገኛል። ሆኖም የሞተሮቹ ሙሉ እድሳት ከራሱ ከጄቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እኛ የምንፈራው ይህን ነው፦ በርካሽ የገዛ ሰው እድሳቱን «ለከርሞ» እያለ ያሳድረዋል። ስለዚህ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት የጥገናው መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነበብ፤ የጎደለ ደብተር ካለ፣ የተቀየረው ዕቃ ስንት ሰዓት እንደሠራ ማንም አያረጋግጥም። መርማሪውም የሻጩ ሰው አይሁን።

ቆሞ የኖረ አውሮፕላን ሌላ ጣጣ አለው። የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ እርጥበት የገባበት ብረት ይዝጋል። የነገቭ ደረቅ አየር ዝገቱን ያዘገያል እንጂ የደረቀውን ማሸጊያ አይመልስም። እኛ ግብር ከፋዮች ስለ «ክናፍ ጽዮን» ልንጠይቅ የሚገባን ከመኝታ ክፍሉ ይልቅ ይህን ነው፤ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ማን፣ በየስንት ጊዜው መረመረው?