ስለ ማይክሮዌቭና ስለ ብረት ዱቄት

በካዛንቺስ ሆቴሎችና ካፌዎች ወጥ ቤት ለሚቀጠር ሠራተኛ ከሚሰጡት የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ፣ ማንኪያም ሆነ ሳህን፣ ብረት የተባለ ነገር ሁሉ ወደ ማይክሮዌቭ እንዳይገባ የሚከለክለው ነው። ትእዛዙ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሳይገለጽለት የተቀበለ ሰው፣ ብረትና ማይክሮዌቭ ከቶ የማይታረቁ ባላንጣዎች መስለውት ይኖራል። ይህ እምነት ከተፈጥሮ ሥርዐት ግማሹን ብቻ የያዘ ስለሆነ፣ የቀረው ግማሽም በእጅ ጥበብ ለሚተዳደረው ወገናችን የሚበጅ ስለሆነ፣ ነገሩን በጥቂቱ ላብራራ እወዳለሁ።

በምድጃው ውስጥ የሚመላለሰው ሞገድ በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ ርዝመቱም 12 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ለዐይን የማይታይ የብርሃን ወገን ነው። ይህ ሞገድ ወፍራም ብረት ባጋጠመው ጊዜ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ በመዳብ ለምሳሌ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ እምብዛም አያልፍም፤ የቀረው ኃይል ፀሐይ ከመስተዋት እንደምትመለስ ይመለሳል፤ በሹካ ጫፍና በመሳሰለው ሹል ስፍራ ላይ ግን ተከማችቶ የእሳት ብልጭታ ያስነሣል። ያው ብረት ተፈጭቶ፣ የእያንዳንዱ ቅንጣት ውፍረት ሞገዱ ሊዘልቀው ወደሚችለው ጥልቀት ሲቀርብ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ይኸውም የሚለዋወጠው የማግኔት መስክ በቅንጣቱ ውስጥ ገብቶ፣ ክብ እየሠራ የሚዞር የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሣል፤ ፍሰቱም የብረቱን ተቃውሞ እየታገለ ሙቀት ይሆናል። በየቅንጣቱ ላይ ያለችው ስስ የዝገት ልባስ አንዱን ከሌላው ስለምትለይ፣ ዱቄቱ እንደ አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ሞገዱን እንዳይመልሰው ታግዛለች፤ አጥፊ ብለን የምንጠላው ዝገት በዚህ ስፍራ ደግ ሥራ ይሠራል።

ከሕንድ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይመራመሩ የነበሩት ሊቅ ረስተም ሮይ፣ ዲኔሽ አግራዋልና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ተጠቅጥቆ ቅርጽ የያዘ የብረት ዱቄት በማይክሮዌቭ ግሎ፣ ሳይቀልጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጽኑ አካል እንደሚሆን አስመስክረዋል። ቀጥለውም የኤሌክትሪኩንና የማግኔቱን መስክ ለይተው በመፈተን፣ የብረትን ዱቄት አብዝቶ የሚያግለው የማግኔቱ ወገን መሆኑን አሳይተዋል። በተለመደው እቶን ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በደቂቃዎች ተፈጸመ።

ይህ ካዛንቺስ ላለበት ለቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሰው ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ ወደ አንዱ ቶርኖ ቤት ጎራ ይበል። አንድ ትንሽ ማርሽ ለማውጣት ባለሙያው ድፍኑን ብረት ሲጠርብ ይውላል፤ የሚረግፈው ፍቅፋቂ ከማሽኑ ሥር ይከመራል፤ በውጭ ምንዛሪ ከተገዛው ብረት ብዙው የሚወጣው በመጥረጊያ ነው። በዱቄት የሚሠራ ማርሽ ግን በቅርጹ ልክ ተጠቅጥቆ ስለሚጋገር የሚባክነው እጅግ ጥቂት ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ያን ሁሉ ቆርቆሮና የበር ብረት ያየ ሰው፣ በአገራችን የጎደለው ብረት ሳይሆን ብረቱን መልሶ ወደ ሥራ የሚያስገባ ጥበብ መሆኑን ይመሰክራል።

በእርግጥ ፍቅፋቂው እንደወደቀ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከዘይት መንጻት፣ መፈጨት፣ በወንፊት መለየት ይኖርበታል፤ የደቀቀ ብረት በአየር ውስጥ ሲግል ሊቀጣጠል ስለሚችልም፣ ሥራው ናይትሮጅንን ወይም ሃይድሮጅንን በመሰለ ጋዝ ውስጥ፣ በባለሙያ ጥበቃ ሊከናወን ይገባዋል። ስለዚህ ማንም በቤቱ ምድጃ እንዳይሞክረው አጥብቄ አሳስባለሁ።

የምለምነው የተግባረ ዕድ ኮሌጅንና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን መምህራን ነው፤ ከከተማችን ቶርኖ ቤቶች ፍቅፋቂ ሰብስበው፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ማርሽ ጋግረው፣ ጥንካሬውን ከተጠረበው ጋር አወዳድረው፣ ያገኙትን ውጤት፣ መልካምም ሆነ መጥፎ፣ የቶርኖ ባለሙያው ሊያነበው በሚችል አማርኛ ያሳትሙልን።