ያገለገለ የናፍጣ መኪና የሚገዛ ነጋዴ ከቦሎው ይልቅ ታሪኩን ይጠይቅ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት አባቶች ቃሉን የተናገሩት ለሸንጎ ብቻ አይደለም፤ ለገበያም ጭምር ነው። የጎንደር ነጋዴ ሰሊጥ ሲገዛ በጆንያው አፍ ላይ የሚታየውን ብቻ አይቶ አይረካም፤ እጁን ሰዶ ከታች ይዘግናል፥ አፈርና ገለባ ያለበት እንደ ሆነ ይመረምራል። የደጋው ገበሬ በቅሎ ሲገዛ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ኮርቻዋን አስወርዶ በጀርባዋ ላይ የቆየ ቍስል መኖር አለመኖሩን ይመለከታል፤ ከማን ቤት እንደ ወጣች ጠይቆ ሻጩን ዋስ ያስጠራል። ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነ ሰው ከበቅሎዋ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥቶ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ሲገዛ ግን የቀለሙን ማማር አይቶ፥ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የዘመኑን ቦሎ ተመልክቶ፥ ደላላው እንዳጣደፈው ገንዘቡን ቈጥሮ መስጠቱ የሚያስገርም ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ አገር በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። እንግዲህ ቀደም ብሎ የገባው የናፍጣ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚኖር ሆኗል ማለት ነው። ተተኪው በቀላሉ የማይገኝ ዕቃ ስለ ሆነም ሻጭ ዋጋውን ለመቀነስ አይቸኩልም፤ ገዢው ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው በመፍራት ይቸኩላል። መኪናው ባረጀ መጠን መመርመር የሚያስፈልገው ሲሆን፥ ጥድፊያው ምርመራውን ያስቀረዋል።

ቦሎ ምን እንደ ሆነ በትክክል ማወቅ ይገባል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፥ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681 ማንኛውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርግ ያዝዛል። ፍሬኑ፥ መሪው፥ መብራቱ፥ ጎማው፥ ጢሱ ታይቶ ያለፈ እንደ ሆነ ምስክሩ ይሰጠዋል። ነገር ግን ይህ ምስክር የሚናገረው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ መኪናው በዚያ ቀን እንዳለፈ እንጂ በማግሥቱ ምን እንደ ሆነ፥ ከዚያ በፊትም ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ አይገልጽም። ለምርመራው ዕለት ደኅና ጎማ ተውሶ ገጥሞ፥ ምርመራው ሲያልቅ የሚመልስ ባለ መኪና ከተገኘ ቦሎው በተውሶ ጎማ የተገኘ ቦሎ ነው። ስለዚህ ብልህ ገዢ የሚጠይቀው «ቦሎ አለው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ባለፉት ዓመታት እንዴት አለፈ?» ብሎ ነው።

የዚህም መልስ የሚገኘው ከሻጩ አንደበት ሳይሆን ከመኪናው ዶሴ ነው። የየዓመቱ የምርመራ ወረቀት በቅደም ተከተል ሲነበብ ብዙ ነገር ይገልጣል። በመካከሉ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የጐደለ እንደ ሆነ መኪናው በዚያ ጊዜ ተጋጭቶ ቆሞ ነበር ወይስ ያለ ምርመራ ሲሠራ ኖረ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሞተሩ ቍጥር ከሊብሬው ጋር ካልተስማማ ሞተሩ ተለውጧል፤ መለወጡ ብቻውን ነውር አይደለም፥ ሳይመዘገብ መለወጡ ግን በኋላ ገዢውን በየቢሮው ያንከራትተዋል። የሻንሲው ቍጥር የተፋቀ ወይም እንደ ገና የተመታ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ከዚያ ስፍራ ዘወር ማለት ይሻላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት መደረጉ አይዘነጋም፤ በእንደዚህ ያለ ጊዜ ንብረት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከእጅ ወደ እጅ ሊዛወር ስለሚችል የመኪናው አመጣጥ በሰነድ ያልተረጋገጠ ሆኖ ሲገኝ ዋጋው ምንም ቢረክስ መግዛት አይገባም።

የጎንደር አገር አቀማመጥም ጥንቃቄውን እጥፍ ያደርገዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በጎንደር ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፥ ሞተር ናፍጣውን በሙሉ ለማቃጠል ይቸገራል። በቆላ ድካሙን ደብቆ የኖረ ሞተር በደጋው ዳገት ላይ ጥቍር ጢስ እየተፋ ድካሙን ይናዘዛል። ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ገደል ቍልቍል የሚወርደው፥ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የቀደዱት ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ፍሬንን ይፈትናል። በዚያ ቍልቍለት ላይ ያልታየ የፍሬን ጉድለት የሚያስከፍለው ገንዘብን ብቻ አይደለም፤ የሾፌሩን፥ የረዳቱንና የተሳፋሪውን ነፍስ ነው።

ስለዚህ ገዢው ቢያንስ የሚከተሉትን ሳይፈጽም ቀብድ እንኳ ባይሰጥ መልካም ነው። አንደኛ፥ ሻጩ ያለፉትን ዓመታት የምርመራ ወረቀቶች እንዲያቀርብ ይጠይቅ፤ ከሻጩም ጋር አብሮ መኪናው ወደ ተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ወረቀቶቹ ከዶሴው ጋር መስማማታቸውን ያረጋግጥ። በዚያውም ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ፥ ያልተከፈለ ቀረጥም አለመኖሩን ይጠይቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት እንዲመዘገብ ስላደረገ መኪናው የባንክ መያዣ አለመሆኑን ማጣራትም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ መኪናውን በማለዳ፥ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዶ ይይ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው በሌላ ቀን ይመለስ፤ የናፍጣ ሞተር ሕመሙ የሚታወቀው ከብርድ ሲነሣ ነውና። ጥቍር ጢስ የናፍጣ መብዛትን ወይም የአየር ማነስን፥ ሰማያዊ ጢስ ሞተሩ ውስጡ ተበልቶ ዘይት ማቃጠሉን፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጢስ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውሃን ያመለክታል። ሦስተኛ፥ ሻጩ ያልመረጠውን መካኒክ ይዞ ይሂድ፤ ለመካኒኩ የሚከፈለው ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አንዳንድ ሻጮች ይህን ሁሉ መጠየቅ እንደ አለመተማመን ይቈጥሩታል፤ «በእኔ አታምንም ወይ?» ይላሉ። ነገር ግን ንጹሕ ዕቃ ያለው ሰው በምርመራ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ መኪናውን በየዓመቱ ሳያዛንፍ ያስመረመረና በጊዜው ያሳደሰ ባለ ንብረት ካላሳደሰው ጋር በአንድ ዋጋ እንዲሸጥ የሚገደደው ገዢ ታሪክ ስለማይጠይቅ ነው። ሕጉም ቢሆን ለሰነፍ ገዢ ብዙ አያዝንም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ በቶሎ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ከወራት በኋላ ክስ መጀመር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

በሌላ አገር ይህ ድካም ተቃሏል። በብሪታኒያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተደረገውን የአውቶሞቢል ዓመታዊ ምርመራ ውጤት ማንኛውም ሰው የሰሌዳውን ቍጥር ብቻ በማስገባት በነፃ ያያል፤ መቼ እንዳለፈ፥ መቼና በምን ጉድለት እንደ ወደቀ፥ በዚያ ቀን ቆጣሪው ስንት እንዳነበበ ይታወቃል። ቆጣሪውን ወደ ኋላ የሚያዞር አጭበርባሪ በዚህ መዝገብ ፊት ይጋለጣል።

በጎንደር ይህን ለመጀመር ውድ መሣሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። ሻጩ በፊርማው ሲፈቅድ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ከዶሴው ያለፉትን አምስት ዓመታት የምርመራ ውጤት አንድ ገጽ ላይ ጽፈው፥ በማኅተም አረጋግጠው፥ መጠነኛ የአገልግሎት ክፍያ ተቀብለው ቢሰጡ ይበቃል። ይህንንም የነጋዴው ማኅበረሰብ በንግድ ምክር ቤቱ በኩል አጥብቆ ሊጠይቅ የተገባ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን መፍትሔው በገዢው እጅ ነው፤ ታሪኩ ያልታየ መኪና ዋጋው አይታወቅምና፥ የምርመራ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ሳይቀመጡ ስለ ዋጋ መነጋገር አይጀመር።