የሰሊጥ አገዳ ለምድጃ

በኅዳር ወር ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ ብትጓዙ ሰሊጥ የተራገፈበት ማሳ ታያላችሁ። ፍሬው በጆንያ ተጭኖ ሄዷል፤ አገዳው ግን እዚያው ተከምሮ ቀርቷል። ጥቂቱ ለአጥርና ለማገዶ ይወሰዳል። በቀረው ላይ ብዙ ጊዜ ክብሪት ይጫርበታል።

የሚያሳዝነው፣ በዚያው አገር ለምድጃ የሚሆነው ከሰል ከደን እየተቆረጠ መምጣቱ ነው። አንዱ ማገዶ ሜዳ ላይ ይቃጠላል፣ ሌላው በመጥረቢያ ይፈለጋል! እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ብዙ ሺህ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ እነርሱም ምግብ ማብሰል ነበረባቸው።

ደኑ የዕጣን ዛፍ ከቅርቅራና ከአባሎ ጋር የሚበቅልበት ነው። በመተማ የዕጣን ዛፎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ነገሩ በዚያው ከቀጠለ የዛፉ ብዛት በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ እንደሚቀንስ፣ የዕጣኑ ምርትም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚወርድ ገምተው ነበር። ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚጥለው ዛፉን በሚያደማው ሠራተኛ ላይ ነው። እነርሱ ግን በተለይ ያነሡት ችግኙን የማያሳድጉትን እሳትና ግጦሽ፣ ትልልቁን ዛፍ የሚገድለውንም ጢንዚዛ ነው። እንግዲህ በበጋ ከማሳ የሚያመልጥ እሳት ቀላል ነገር አይደለም።

አገዳው ከሰል የሚሆነው እንዲህ ነው። ከታች የተበሳ፣ ክዳን ያለው አሮጌ በርሜል አዘጋጁ (የነዳጅ ከነበረ በደንብ ሳይታጠብ እሳት አታስጠጉት)። ደረቅ አገዳ ሞልታችሁ ለኩሱት። ወፍራሙ ነጭ ጭስ ሲሳሳ ክዳኑን ግጠሙ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ ምረጉ። አየር ካገኘ ዐመድ ይሆናል። እስከ ማግስቱ አትክፈቱት፤ ትኩሱ እንደገና ይቀጣጠላል። ከዚያ ወቅጣችሁ፣ ነፍታችሁ፣ በጥቂት ሸክላ አፈር ወይም በቀጭን የዱቄት አጥሚት ለውሱት፤ በእጅ ጨምቃችሁ አድቦልቡሉና በደንብ ይድረቅ። ሸክላው ከበዛ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ዐመዱም ይበዛል።

ከአገዳ ተሠራ ብላችሁ ግን ቤት ዘግታችሁ አትተኙበት፤ እንደ ማንኛውም ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። አገዳውንም ሁሉ ጠርጋችሁ አትውሰዱ፤ ከፊሉ በስብሶ ለአፈሩ ይጠቅማል።

ማክሰሉ እዚያው ማሳው ላይ ቢሆን ይሻላል። አገዳ ጋሪ ይሞላል እንጂ አይመዝንም፤ የከሰሉ ዱቄት ግን በጆንያ ይገባል። በርሜሉን ከደረቅ ሣር አርቃችሁ አቁሙ፤ ውኃም ከአጠገባችሁ አይጥፋ።