ሰማንያ በመቶ፦ ለሰርቨር ጠባቂዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፣ ሰርቨር በመጠበቅና የማስጠንቀቂያ ደንብ በመጻፍ ለምትደክሙ የሙያ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ካሳለፉት፣ በስልክ ጥሪ ከእንቅልፋቸው ከተነሡትና በሞላ ዲስክ ፊት ተቀምጠው ንጋትን ከጠበቁት ሰዎች አንዱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ማንንም ለመክሰስ ወይም ዕውቀቴን ለመግለጥ መሻት ሳይሆን፣ ሳንመረምረው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን እንደ ቀኖና ያጸናነው አንድ ልማድ ትጋታችንን ከንቱ ሲያደርገው ስላየሁና፣ አይቶ ዝም ማለትን ሕሊናዬ ስላልፈቀደልኝ ነው።

ልማዱም ይህ ነው። አዲስ የክትትል ሶፍትዌር በተተከለ ቀን፣ ናጊዮስም ይሁን ዛቢክስ ወይም ፕሮሚቲየስ፣ ደንብ ጸሐፊው በየሰርቨሩ ላለው ዲስክ ሁሉ፣ ትንሹን ከትልቁ፣ የዳታቤዙን ከማኅደሩ ሳይለይ፣ 80 በመቶ ሲሞላ አስጠንቅቅ፣ 90 በመቶ ሲሞላ አጥብቀህ አስጠንቅቅ የሚል አንድ ደንብ ይጽፍና፣ መልእክቱ ወደ ቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ እንዲገባ አድርጎ፣ ሥራው ተፈጸመ ብሎ ይሄዳል። የቁጥሩን ሥረ መሠረት የመረመረ ሰው ግን ምንጩን በቅርብ ያገኘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በሌላ ስም የወጣው ናጊዮስ ለጀማሪ ማሳያ እንዲሆን አብሮት በሚመጣው የናሙና ፋይል ውስጥ፣ የሩት ፓርቲሽን ነጻ ቦታ ከ20 በመቶ ሲያንስ አስጠንቅቅ፣ ከ10 በመቶ ሲያንስ አደጋ ነው በል የሚል አንድ መስመር አለ። ያ መስመር የዲስክ መጠን ከዛሬው እጅግ ባነሰበት ዘመን ለአንድ ማሽን አንድ ፓርቲሽን ለናሙና የተጻፈ ሲሆን፣ እኛ ግን ንባቡን በቃሉ ይዞ ትርጓሜውን ሳይጠይቅ ከጉባኤ ቤት እንደ ወጣ ተማሪ፣ ለዲስክ ሁሉ ደገምነው።

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንየው። 50 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ 80 በመቶ ሲሞላ የሚቀረው 10 ጊጋባይት ነው፤ አንድ የተበላሸ ፕሮግራም በየደቂቃው 1 ጊጋባይት ሎግ ቢጽፍበት፣ ከማስጠንቀቂያው እስከ ጥፋቱ ያለው ጊዜ 10 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። 20 ቴራባይት የሚይዘው የማኅደር ዲስክ ደግሞ 80 በመቶ ሲሞላ 4 ቴራባይት ይተርፈዋል፤ በቀን 2 ጊጋባይት የሚጨመርበት ቢሆን ከአምስት ዓመት በላይ የሚበቃ ቦታ ነው። ደንባችን ለዐሥር ደቂቃውም ለአምስት ዓመቱም በአንድ ዓይነት ቃል ይጮኻል። በገጠር ያደገ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ የቤት እመቤት በሐምሌ ጎተራዋን ከፍታ ስትመለከት ከመቶው ስንት እጅ ጎደለ ብላ አትጠይቅም፤ ስንት አፍ እንደምትመግብ፣ በሳምንት ስንት ቁና እንደምታወጣ ታውቃለችና፣ ጥያቄዋ እስከ አዲስ እህል ያደርሰናል ወይ የሚል ነው። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ሹመት ነበረ፤ ትርጓሜውም ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። የእኛም ደንብ ሊይዘው የሚገባው ሹመት ይኸው ይመስለኛል፤ የሞላውን መጠን መንገር ሳይሆን የቀረውን ሰዓት ማስታወቅ።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ የደረሰውን ልንገራችሁ። የማኅደሩ ዲስክ 80 በመቶን ካለፈ ሰባት ወር ሆኖት ነበር፤ በእነዚያ ወራት ሁሉ በየአራት ሰዓቱ አንድ መልእክት ይገባልን ስለ ነበር፣ በመጀመሪያ እናነበው ነበር፣ ቀጥሎ እያየን ማለፍ ጀመርን፣ ኋላም አንዳንዶቻችን የግሩፑን ድምፅ ዘጋን። እኔ ግን አልዘጋሁም ነበር። በቅዳሜ ሹር ማታ፣ ምእመናን ትንሣኤውን ሲጠባበቁ ከመካከላቸው ቆሜ ሳለሁ፣ ስልኬ በነጠላዬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ዲስክ ከ80 በመቶ በላይ ሞልቷል ይላል። ለሰባት ወር ከ1,200 ጊዜ በላይ የደረሰኝ ያው ቃል ነበርና፣ ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን የሰርቨር ስም ሳላነብ ወደ ኪሴ መለስኩት። ያ ስም ግን የማኅደሩ ሳይሆን የዋናው ዳታቤዝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በሰሞነ ሕማማት አንድ ተጠባባቂ ሰርቨር ከሥራ ሲወጣ፣ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ የተመዘገበለት ሪፕሊኬሽን ስሎት ሳይሰረዝ ቀርቶ ኖሮ፣ ዳታቤዙ ያ ሰርቨር ተመልሶ ይወስደዋል በማለት ዋል የሚባለውን የለውጥ መዝገቡን አንዱንም ሳያስወግድ ሲያከማች ሰንብቷል። የበዓሉ ገበያ ሲደራ ክምችቱ ፈጠነ፤ መልእክቱ በደረሰኝ በሦስተኛው ሰዓት ዲስኩ ሞላ፣ ዳታቤዙም የሚጽፍበት ስፍራ አጥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ጾሙን በሚፈታበት ሰዓት እኛ በየቤታችን በላፕቶፕ ላይ ተደፍተን፣ አገልግሎቱ የተመለሰው ረፋድ ላይ ነበር። ያን ስሎት ለመሰረዝ የምታስፈልገው አንዲት አጭር ትእዛዝ ስትሆን፣ ለእርስዋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰጥቶኝ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በተደረገው ስብሰባ፣ ማስጠንቀቂያው በጊዜው ደርሷል፤ ጥፋቱ የተቀባዩ ነው ተባለ። ጥፋቴን ያን ጊዜ አልካድኩም፤ ዛሬም አልክድም። ነገር ግን ከ1,200 ጊዜ በላይ ያለ ምክንያት የጠራ ደንብ፣ አንድ ጊዜ በእውነት ሲጠራ የሚሰማው ሰው ቢያጣ፣ ጥፋቱ ከሰሚው ጆሮ በፊት በደንቡ ጸሐፊ እጅ የተሠራ ነው። በደብር አጠገብ ያደገ ልጅ፣ ደወሉ ለቅዳሴ ሲጠራና ሞት ሲያረዳ ከአደዋወሉ ለይቶ ያውቃል፤ ደዋዩ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ቢደውላቸው ኖሮ ወደ ቀብር የሚመጣም ወደ ቅዳሴ የሚመጣም ባልተገኘ ነበር። የምንልከውም ቃል እንዲሁ ነው። ሞልቷል ብቻ ብሎ ከማብቃት ይልቅ፣ የየትኛው አገልግሎት ዲስክ እንደ ሆነ፣ በዚህ አካሄዱ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ ሲሞላም ምን እንደሚቆም፣ ተረኛው በቅድሚያ ምን መመልከት እንዳለበት በአራት አጭር መስመር ቢናገር፣ በዚያ ሌሊት ባነበብኩት ነበር። ከእንቅልፉ የተነሣ ሰው ሊቅ አይደለም፤ ትልቁን የሎግ ፋይል ሰርዞ ቦታው ለምን አልተመለሰም ብሎ ግራ ሲጋባ፣ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም እስካልለቀቀው ድረስ ሊኑክስ ቦታውን እንደማይመልስ የሚያሳስበው ከእርሱ አስቀድሞ ነቅቶ የጻፈለት ባልደረባው መሆን ይገባዋል።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ደግሞ የምንለካውን ነገር ሳናውቅ መለካታችን ነው። ኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት፣ ካልተነገረው በቀር፣ ከዲስኩ 5 በመቶውን ለሩት ተጠቃሚ ለይቶ ያስቀምጣል፤ በ4 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ 200 ጊጋባይት ያህል ነው። ፕሮሚቲየስ ሁለት መለኪያ ያቀርብልናል፤ አንደኛው ፍሪ የሚለው ይህን የተጠበቀ ድርሻ ጨምሮ የሚቆጥር፣ ሁለተኛው አቬይል የሚለው ለተራው ፕሮግራም በእውነት የተረፈውን ብቻ የሚቆጥር ነው። እንግዲህ በፍሪው ለክቶ ከ5 በመቶ ሲያንስ ጩኽ የሚል ደንብ የጻፈ ሰው፣ ፕሮግራሙ አንዲት ፊደል የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ በሞተበት ሰዓት እንኳ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ያየዋል፤ የተጠበቀው ድርሻ እስካልተነካ ድረስ ቁጥሩ ከ5 በታች አይወርድምና። በሁለት ቃል መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ነገር ግን ደንብ ስናነብ ቃል በቃል የምንመረምር ስንቶቻችን ነን?

መፍትሔው በእጃችን ያለ ነው። ፕሮሚቲየስ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳውንድክላውድ ኩባንያ ሲጀመር ይዞት የመጣው ሐሳብ የቁጥርን አካሄድ በጊዜ ውስጥ ማየት ሲሆን፣ ፕሬዲክት ሊኒየር የሚባለው ተግባሩ ያለፉትን ሰዓታት ተመልክቶ ይህ ዲስክ በዚህ ፍጥነት ቢሄድ ከ24 ሰዓት ወይም ከ4 ሰዓት በኋላ ምን ይተርፈዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ይሁን እንጂ እርሱንም በጭፍን እንዳታምኑት እማጸናችኋለሁ፤ የሚያየው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ስለ ሆነ፣ በየሌሊቱ ባክአፕ ሲወሰድ ከፍ፣ ንጋት ላይ ሲጸዳ ዝቅ የሚል ዲስክ በየሌሊቱ ሊሞላ የተቃረበ ይመስለዋል። ስለዚህ ትንበያውን በእርግጥ ከተረፈው ቦታ ጋር አጣምሩት፤ ሁለቱም ሲስማሙና ስምምነታቸው ጥቂት ሲቆይ ብቻ ሰው ይነሣ። በኡቡንቱ ላይ ስናፕ የሚያያይዛቸው የንባብ ብቻ ዲስኮች ከተፈጥሯቸው ሁልጊዜ 100 በመቶ የሞሉ ስለ ሆኑ ከደንቡ አውጧቸው።

ዲስክ የሚሞላው በባይት ብቻ እንዳልሆነም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ ያረፈችው ስፒሪት የተባለችው ሮቨር፣ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት በፍላሽ ማኅደርዋ ውስጥ የተጠራቀሙት ፋይሎች ብዛት ሥርዓቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሆኖ፣ ደግማ ደጋግማ እየጠፋች ስትነሣ መሐንዲሶችዋን ለቀናት አስጨንቃለች። በየሰርቨራችንም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች አይኖዱን ሲጨርሱት፣ ብዙ ጊጋባይት እየተረፈ ቦታ የለም የሚል መልስ እንሰማለን፤ የአይኖድን ቁጥር የሚጠብቅ ደንብ የጻፈ ግን ከስንት አንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን ዝምታን ነው። የባክአፑ ዲስክ ከማሽኑ ዳግም መነሣት በኋላ ሳይያያዝ ቢቀር፣ ባክአፑ በሩት ፓርቲሽን ላይ ይጻፋል፤ ስለ ባክአፑ ዲስክ የተጻፈው ደንብ ግን የሚለካው ነገር ስለ ጠፋበት አይጮኽም፣ እኛም ዝምታውን ለጤና እንቆጥረዋለን። በትንቢተ ሕዝቅኤል የተነገረለት ጉበኛ የተጠየቀው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ባለመንፋቱ ነው፤ የእኛ ጉበኛ ከማማው ላይ ቢወድቅ ግን መውደቁን የሚነግረን የለም። ስለዚህ መለኪያው ራሱ ሲጠፋ የሚናገር ሁለተኛ ደንብ ከእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ ይቁም።

ይህ ሁሉ የትንሽ ቤት ጭንቀት ለሚመስለው ሰው፣ በዓለም ላይ ብዙ መኪና ከሚሠሩት ኩባንያዎች አንዱ የሆነውን የቶዮታን ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2023 በጃፓን ያሉት 14 ፋብሪካዎቹ ሥራ አቆሙ፤ ኩባንያው ራሱ በኋላ እንደ ገለጠው፣ ከሁለት ቀን በፊት በተደረገ የተለመደ ጥገና በዳታቤዝ የተጠራቀመ መረጃ እየተሰረዘ ሲደራጅ የዲስክ ቦታ አንሶ ሥርዓቱ ቆመ፤ ተጠባባቂዎቹም ሰርቨሮች በዚያው ሥርዓት ላይ ስለ ነበሩ በተመሳሳይ ምክንያት ወደቁ። መረጃው ሰፊ ቦታ ወዳለው ሰርቨር ተዛውሮ ፋብሪካዎቹ በማግሥቱ ተከፈቱ። ማጽዳት ራሱ ቦታ እንደሚበላ፣ ተጠባባቂውም ከዋናው ጋር በአንድ ልክ ከተሰፋ በአንድ ቀን እንደሚቀደድ እኔ ከዚህ ተምሬያለሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ደንብ የጻፈ ሰው ደንቡን ለተረኛ ከማስረከቡ በፊት አንድ ወር ሙሉ የራሱን ስልክ ብቻ ተቀባይ ያድርግ፤ በዚያ ወር ከእንቅልፉ ባስነሣው መልእክት ሁሉ አንጻር ተነሥቶ ያደረገውን ይጻፍ፤ አንብቦ ተመልሶ ከመተኛት በቀር ምንም ያላደረገበትን ደንብ ከሌሊቱ ጥሪ አውጥቶ ወደ ቀን ሥራ መዝገብ ያዛውረው። የወሩን ውጤት የሚጽፍልኝ ባልደረባ ቢገኝ፣ እኔም በዚያ የቅዳሜ ሹር ማታ የተጠራሁበትን ደንብ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁና እልክለታለሁ፤ አንዲት መስመር ናት።

አክባሪ የሙያ ወንድማችሁ