የተዘጋ ማይክ

ግጥምና ወግ ለለመደ ሰው ስለ ስልክ ጨዋታ ማንሣቴ ግር ሊለው ይችላል። ነገሩ ግን የድምፅ ጉዳይ ነው፤ ድምፅ ደግሞ ከማንም በፊት የገጣሚ የቤት ጣጣ ነው።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ዲጋ፣ እንደ ሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ሁሉ፣ ወጣቶች ማታ ማታ በስልካቸው ፐብጂ ይጫወታሉ። ለማታውቁት ያህል፦ መቶ ሰው በጃንጥላ አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ አራት አራት እየሆነ ይቧደናል፤ እስከ መጨረሻው የቆየው ቡድን ያሸንፋል። ቡድኑ እንዲነጋገር ማይክ ተዘጋጅቶለታል። ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ግን ስፒከሩን ከፍተው ማይኩን ይዘጋሉ። ይሰማሉ፤ አይናገሩም። ለምን ብትሏቸው መልሳቸው አንድ ቃል ነው፦ «አፍራለሁ»።

የተለመደው ማብራሪያ አስተዳደጋችንን ይከሳል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ ያደገ ልጅ ከየት አምጥቶ ይናገር ይባላል። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ማብራሪያ መንገድ ላይ የሚቀር ነው። እነዚሁ ልጆች ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተው ኳስ ሲጫወቱ ጩኸታቸው ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። የድምፅ ጨዋታስ ለአገራችን መቼ እንግዳ ሆኖ ያውቃል? አንዱ በአማርኛ «እንቆቅልህ» ሲል፣ ሌላው በኦሮምኛ «ሂቦ» ሲል፣ ምድጃ ዙሪያ የተቀመጠ ሕፃን ሁሉ ድምፁን አውጥቶ መመለስ ነበረበት። መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል። አገር የሰጠው ልጅ በማግስቱ ማታ ተመልሶ ይጫወታል፤ የተሸነፈው የሚያውቁትና የሚያውቃቸው ሰዎች ፊት ነዋ!

ማይክ ላይ ግን ፊት የለም። በባንክ መስኮት በኩል በየቀኑ የማየው ነገር አለ፤ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መጠኑን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚፈራው እኔን አይደለም፤ መጠኑን ጽፎ የሰጠኝ ራሱ ነውና። የሚፈራው ከጀርባው ተሰልፎ የሚሰማውን፣ ዞሮ ሊያየው የማይመቸውን ሰው ነው። በዚህ ላይ የገዛ ድምፃችን ለራሳችን እንግዳ ነው። ሰው ሲናገር ድምፁን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ስለሚሰማው ወፈር ብሎ ይታወቀዋል፤ በስልክ ተቀድቶ ሲመለስለት ያ ውፍረት ይጎድላል፤ «ይህ እኔ ነኝ?» ይላል።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ወለጋ አድጎ ኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛ ሲናገር «ጸሐይ» «ጠሐይ» ልትሆንበት፣ ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ ሊጠራ ይችላል። (ጸን ጠ ማለትስ በብዙ የአማራ ገጠርም ያለ ነው፤ እዚያ ሲሆን የገጠር ለዛ ይባላል፣ እዚህ ሲሆን ግን ይሣቅበታል።) ልጁ የሚዘጋው ማይክ ብቻ አይደለም፤ የተወለደበትን ቀዬ ነው። እስቲ አስቡት፤ በሕፃንነቷ በባርነት የተወሰደችው፣ ኋላም ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ከአፍ የሰማችውን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ ከትዝታዋ እየለቀመች ጻፈች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። በ1904 እ.ኤ.አ. ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ ነቀምቴ ላይ ማስተማር ቀጠለች። ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ለመጽሐፍ የበቃ አንደበት፣ በአማርኛው መካከል ብቅ ቢል የሚያሳፍረው በምን ሒሳብ ነው?

ስለዚህ «ድምፅ የሚቀይር አፕሊኬሽን ጫን»፣ «ለምን በጽሑፍ ብቻ አትጫወትም» የሚለውን ምክር አልወደውም። ሰው ጉዳይ ሲገጥመው ማፈሩን ይረሳል። ቤቱ ሲቃጠል ጎረቤት የሚጠራ ሰው ስለ አነጋገሩ አይጨነቅም። ጨዋታው ደግሞ ጉዳይ አያጣም፤ «ከኋላህ!»፣ «መድኃኒት አለኝ»፣ «ጠብቁኝ»። አንዳቸውም ንግግር አይደሉም። ሳይፈሩ መናገር የጀመሩ ልጆች የነገሩኝ መንገድ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ አራቱም የአንድ ሰፈር ልጆች ሆነው ይጫወታሉ፤ ከዚያ አንዱን ቦታ ለማያውቁት ሰው ይለቃሉ። ሦስት የሚያውቁት ድምፅ ባለበት አራተኛው እንግዳ አያስፈራም።

ሁሉንም ዝምታ ግን ዓይን አፋርነት ብለን በአንድ ከረጢት አንክተት። ሴት ልጅ ማይክ በከፈተች ቅጽበት ጨዋታው ቆሞ «ስንት ዓመትሽ ነው?»፣ «ቁጥርሽን ስጪኝ» የሚመጣ ከሆነ፣ መልሳ መዝጋቷ ማስተዋል ነው። እሷን «ደፈር በይ» ከማለት ይልቅ ጠያቂውን ከቡድን ማስወጣት ይቀድማል። የታዘዘ ዝምታም አለ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ተቋርጦ ነበር። ያኔ የእናቱን ድምፅ ለመስማት ሦስት ወር የጠበቀ ሰው፣ ዛሬ ልጁ በፈቃዱ ዝም ሲል ቢያይ ቢገርመው አይፈረድበትም።

ወደ እኛ ወደ ግጥም ወዳጆች ልመለስ። ግጥሙን በቴሌግራም ጽፎ የሚልክ፣ «በድምፅህ ላክልን» ሲባል ግን ድምጥማጡ የሚጠፋ ገጣሚ በነቀምቴም በአዲስ አበባም ሞልቷል። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ሰው አለ» ብዬ ብጽፍ፣ ለ ከጠበቀ ሰው መኖሩን፣ ከላላ ሰው መናገሩን ነው የምነግራችሁ። ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀው ፊደል ስለሚደገም አንባቢው አይቸገርም፤ በአማርኛ ግን ይህን የሚወስነው የአንባቢው አፍ ነው። ኅብረ ቃል ያለበት ስንኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚንጠለጠለው በዚች ጥብቀት ላይ ነው። ድምፁ ያማረ ሰው አንድ ግጥሜን በመድረክ ሲያነብልኝ ያጠበቅሁትን ቃል አላልቶት፣ ወርቁ ሰም ሆኖ ቀርቶ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የራሴን የማነበው ራሴ ነኝ፤ ጠ የምትሆንብኝ ጸም አብራ ትነበባለች።