ጨረሩን ስንፈራ እንቁላሉን ዘነጋነው

በቶሮንቶ ምዕራብ ብሉር ጎዳና ከሚገኙት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተረፈ ዶሮ ወጥ በዕቃ ተደርጎ ወደ ቤት መወሰዱ የተለመደ ነው። በማግስቱ የሚሞቀውም አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮዌቭ ነው። ስለዚህ ምድጃ በመካከላችን ደጋግሞ የሚነሣው ሥጋት «ጨረሩ ምግቡን ይመርዛል» የሚለው ነው። በእኔ እምነት ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል። ሞገዱ በተለይ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ በማነቃነቅ ያሞቃል እንጂ ምግቡን ጨረር አመንጪ አያደርገውም፤ ምድጃው ሲቆምም አብሮ ይቆማል። ይልቅስ ልንጠነቀቀው የሚገባው ወጡ ውስጥ የተቀመጠው ቅቅል እንቁላል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 አንቶኒ ናሽና ሎረን ቮን ብሎን የተባሉ የድምፅ ባለሙያዎች ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ቅቅል እንቁላሎችን በማይክሮዌቭ አሙቀው ፈትሸው ነበር። ሲሶ ገደማ የሚሆኑት የፈነዱት ከምድጃው ወጥተው በስለታም ነገር ሲወጉ ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተለካው ድምፅ ከ86 እስከ 133 ዴሲቤል ደርሷል። ባለሙያዎቹ ጆሮ የመጎዳቱ ዕድል አነስተኛ ነው ቢሉም፣ ፊትንና ዓይንን የሚያቃጥለው ትኩስ አስኳል ግን የዋዛ አይደለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአስኳሉ ውስጥ ተቋጥረው የቀሩ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግለው ሳይፈሉ ሊቆዩ ይችላሉ። ሹካ ወይም ጥርስ ሲነካቸው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣሉ። ስለዚህ የምድጃው ደወል መጮኹ የአደጋው ማብቂያ አይደለም።

«ቅርፊቱ ተልጧል፣ ወጡም እንዲገባበት በቢላ ጫር ጫር ተደርጓል» ብሎ መተማመንም አያዋጣም። ጭረቱ ብዙ ጊዜ ነጩን አልፎ አስኳሉ ዘንድ አይደርስም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንቁላሉን ከማሞቅ በፊት ከአራት መቁረጥና አስኳሉን መፈርፈር፤ ይህን የማይወድ ወጡን በድስት፣ በለዘብተኛ እሳት ያሙቅ።

ካናዳ ውስጥ የምድጃው መመሪያ የሚጻፈው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። የልጅ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ የሚሰሙት ከእኛ ብቻ ነው። ስለ ጨረሩ ያወራነውን ያህል ስለ እንቁላሉም እንንገራቸው።